ውስጡ የተሞላ ፍሬንች ቶስት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ቁርስ የሚቸግራችሁን ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ውስጡ የተሞላ ፍሬንች ቶስት፣ ማለትም መሀሉ ላይ የሚጣፍጥ ነገር ተደርጎበት፣ በእንቁላልና በወተት ድብልቅ ተነክሮ የሚጠበስ ዳቦ። አንዳንዱ ጭራሽ ሰርቶ አያውቅም፣ አንዳንዱ ሰርቶ መሀሉ ፈሶበታል፣ ሌላው ደግሞ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ሆኖበት ተናዷል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አቋሜን ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለሚሞላው ነገር ነው። ክሬም ቺዝ (እንደ ቅቤ የሚቀባው ለስላሳ ቺዝ) ይሻላል ወይስ ቸኮሌት፣ ምን ልጨምርበት፣ ምን ላድርግበት ይላል። ይህን ምግብ የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን ዳቦውና እሳቱ ነው። ደረቅ ያለ ዳቦና ዝግ ያለ እሳት ካላችሁ ውስጡ ተራ ማርማላታ ቢሆን እንኳ ይጣፍጣል። እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ ግን የፈለገውን ያህል ውድ ነገር ብትሞሉበት አያድነውም። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ደጋግሜ ወደዚሁ ስመለስ ታዩኛላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰርቼ አላውቅም። ኦቨን የለኝም፣ ያለኝ አንድ መጥበሻ ነው። በጣም ቀላሉን መንገድ ከነልኩ ንገሪኝ።

መልስ፦ ኦቨን አያስፈልግሽም እህቴ፣ መጥበሻሽ ይበቃል። ክዳን ካለው ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ከሌለው የሌላ ድስት ክዳን ወይም ሰፋ ያለ የብረት ሳህን ድፊበት።

ለሁለት ሰው እንስራ። 4 ቁራጭ ዳቦ፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ወተት (120 ሚሊ ሊትር አካባቢ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ካለሽ ትንሽ ቫኒላ። ለውስጡ 4 የሾርባ ማንኪያ ክሬም ቺዝና 2 የሾርባ ማንኪያ ማርማላታ። በቃ። ጨውን አትዝለዪው፤ ያለ ጨው የእንቁላሉ ድብልቅ ጣዕም የለሽ ይሆናል፣ ስኳሩም ብቻውን ይጮሃል።

ክሬም ቺዙን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪው። ቀዝቃዛ ሲሆን አይቀባም፣ ዳቦውን ይቀድዳል። ከዚያ አራቱንም ቁራጮች በአንድ በኩል ቅቢያቸው። ልብ በይ፣ ሁለቱን ብቻ አይደለም፣ አራቱንም። ምክንያቱም ክሬም ቺዙ ቅባት ስላለው የማርማላታው ውሃ ወደ ዳቦው እንዳይገባ ይከላከላል። ማርማላታውን መሀል ላይ ብቻ አድርጊ፣ ከዳር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዪ፣ ሌላውን ቁራጭ ክደኚበትና ዳር ዳሩን በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ።

እንቁላሉን ለብቻው በደንብ ምቺው፣ ከዚያ ወተቱንና ሌላውን ጨምሪ። ድብልቁን ዝርግ ሳህን ላይ ገልብጪው፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተሞላ ዳቦ ለማገላበጥ መሞከር ራስን ማስቸገር ነው። በአንድ ጎን 15 ወይም 20 ሰከንድ አስተኚው፣ ገልብጪ፣ ጠርዙንም ንከሪ። ካነሳሽው በኋላ የሚንጠባጠበው እስኪቆም ጠብቂ።

መጥበሻውን ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት አሙቂው። ትንሽ የገበታ ቅቤና ትንሽ ዘይት አንድ ላይ ጨምሪ። ዳቦውን ስታስቀምጪው ቀስ ያለ ድምፅ ማሰማት አለበት፤ ከጮኸ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። በአንዱ ጎን 4 ደቂቃ ያህል ከድነሽ፣ በሌላው ጎን 4 ደቂቃ ሳትከድኚ። መጨረሻ ላይ ጠርዙን አቁመሽ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ያዢው። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል፣ ጠርዙ ላይ ያለው እንቁላል ግን እንደ ሌላው መብሰል አለበት። አውጥተሽ ወዲያው አትቁረጪው፣ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። ትኩሱን ከቆረጥሽው ውስጡ ያለው ሁሉ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ስሰራው ሁልጊዜ ማርማላታው ወደ መጥበሻው ይፈስና ይቃጠላል። አንዴ ትኩስ እንጆሪ ሞልቼበት ደግሞ ዳቦው ጭቃ ሆነ። ምንድን ነው ችግሩ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ብዛት ነው። ለአንድ ሳንድዊች 2 የሾርባ ማንኪያ ክሬም ቺዝና 1 ማርማላታ ይበቃል። ሲታይ ያንሳል፤ ሲሞቅ ግን ሁሉም ይላላል፣ ቦታም ይፈልጋል።

ስለ ማርማላታ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዝቃዛ ሳለ የረጋ ይመስላል፣ እሳት ሲነካው ይቀልጣል። ስለዚህ ቀጭን የሚፈሰውን ሳይሆን ወፈር ያለውን ምረጥ። ቀጭኑ ብቻ ካለህ ትንሽ ድስት ላይ ለጥቂት ደቂቃ አፍላው፣ ውሃው ይቀንሳል፤ ከዚያ አቀዝቅዘህ ተጠቀም።

ትኩስ እንጆሪ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው፣ ስኳር ከነሰነስክበት ደግሞ ያንን ውሃ ስቦ ያወጣዋል፤ ጭቃ የሆነብህም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስኳሩን ፍሬው ላይ ሳይሆን ክሬም ቺዙ ውስጥ ጨምረው። እንጆሪውን አጥበህ በንፁህ ጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቀው፣ በስሱ ቁረጠው፣ አንድ ረድፍ ብቻ ደርድር። የተረፈውን ከላይ አድርገው፤ ጥሬ እንጆሪ በትኩስ ቶስት ላይ ከውስጥ ካለው የበለጠ ይጣፍጣል ባይ ነኝ።

ሌላው የምወደው ዘዴ ኪስ መስራት ነው። ያልተቆረጠ ሙሉ ዳቦ ካገኘህ ወፍራም አድርገህ ቁረጠው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከዚያ በቀጭን ቢላ ከአንዱ ጎን ብቻ ገብተህ ውስጡን ክፈት፣ ሦስቱ ጎኖች እንዳይቀደዱ ተጠንቀቅ። የሚሞላውን ንፁህ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ጫፏን ቆርጠህ በዚያ ጨምቀህ አስገባ። አፉ አንድ ብቻ ስለሆነ የመፍሰስ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። አፉን በስቴኪኒ ብትይዘውም ይሆናል፤ ከማቅረብህ በፊት ማውጣት ግን እንዳትረሳ፣ በተለይ ልጆች ካሉ።

ሞልተህ ስትጨርስ ሳትነክረው ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጠው ደግሞ ውስጡ ይጠነክራል፣ ዳቦው እስኪበስል ጊዜ ይሰጥሃል። ብዙ የምትሰራ ከሆነ በየመሀሉ መጥበሻውን በሶፍት ጥረገው። የፈሰሰ ስኳር መጥበሻው ላይ ቀርቶ ካረረ ቀጣዩን ሁሉ ያመርረዋል።

ጥያቄ፦ ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ እርጥብ። እሳቱን ስቀንሰው ደግሞ ዘይት ይጠጣና ይገረጣል። ተስፋ ቆርጫለሁ።

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጪ። ይህ በጣም ብዙ ሰው የጠየቀው ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ዳቦ ውስጡ አየር የሞላበት ነው። አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ተራ ፍሬንች ቶስት ቀጭን ስለሆነ በትልቅ እሳትም ያመልጣል። የተሞላው ግን ሁለት እጥፍ ወፍራም ነው፣ መሀሉ ላይ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ነገር ተቀምጧል። ላዩ ቶሎ ይቀላል፣ ሙቀቱ ግን መሀል አልደረሰም። እንቁላል ከወተት ጋር ሲቀላቀል ለመርጋት ከብቻው እንቁላል የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፣ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ያ ሙቀት ውስጥ ድረስ እንዲገባ ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። ላዩ ደግሞ ስኳርና የወተት ቅንጣት ስላለበት እሳት ከበዛ ደቂቃዎቹን አይሰጥሽም።

ስለዚህ ዝግ ያለ እሳት ግዴታ ነው። ይገረጣል ያልሽው ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል፤ መጥበሻው ሳይሞቅ ነው ያስገባሽው። መጥበሻውን በዚያው በዝቅተኛው እሳት ለ3 ወይም 4 ደቂቃ ባዶውን አሙቂው፣ ቅቤውን ጨምሪ፣ አረፋው ቀለል ሲል ዳቦውን አስገቢ። ሞቅ ባለ መጥበሻና በዝግተኛ እሳት ዳቦ ዘይት አይጠጣም። ቅቤ ብቻውን ከሆነ ውስጡ ያለው የወተት ክፍል ያርራል፤ ከዘይት ጋር ቀላቅዪው ያልኩት የቅቤው መጠን እንዲቀንስ ነው። የተነጠረ ንፁህ ቅቤ ካለሽ ደግሞ እሱ ብቻውን ይሆናል፣ የሚያርረው ክፍል አስቀድሞ ወጥቶለታልና።

ክዳኑ ደግሞ ግማሹን ስራ ይሰራልሻል። የመጀመሪያውን ጎን ስትጠብሺ ክደኚው፣ እንፋሎቱ ከላይ ያበስለዋል። ሁለተኛውን ጎን ክፍት አድርጊው፣ አለዚያ ቆዳው ይላላል። ኦቨን ካለሽ ደግሞ ጭንቀት የለም፦ ሁለቱንም ጎን ወርቃማ እስኪሆን ብቻ ጠብሰሽ 180 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ8 ወይም 10 ደቂቃ አስገቢው።

መብሰሉን እንዴት ታውቂያለሽ? መሀሉን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫኚው። ወደ ቦታው ከተመለሰ በስሏል። ሰርጉዶ ከቀረ ወይም በጎን ፈሳሽ ከወጣ ይቀረዋል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሀሉ 71 ዲግሪ መድረሱን ያረጋግጥ፤ እንቁላል ያለበት ምግብ እዚያ ከደረሰ ስለ ጤና አያሰጋም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ እባክሽ በመጥበሻ ማንኪያው እየጫንሽ አትጨፍልቂው። አያፈጥነውም፣ የጠጣውን ወተትና እንቁላል ነው የሚያስተፋው።

ጥያቄ፦ ዳቦው ስነክረው ይበጣጠሳል። የገዛሁት ግን የዕለቱን ትኩስ ለስላሳ ዳቦ ነው። ለምን?

መልስ፦ ትኩስ ስለሆነ ነው ወንድሜ። ለዚህ ምግብ የትናንት ዳቦ ከዛሬው ይሻላል፣ የትናንት ወዲያው ደግሞ ከትናንቱ ቢሻል እንጂ አይከፋም፣ ሻጋታ እስካልነካው ድረስ።

ዳቦ ሲያድር የሚሆነው መድረቅ ብቻ አይደለም። ሲጋገር የላላው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና እየተደራጀ ይጠነክራል፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውሃው ሳይወጣ ቢያድር እንኳ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ያደረ ዳቦ ወተት ጠጥቶ ቅርፁን የሚይዘው። ትኩሱ ግን ቀድሞውንም እርጥብ ነው፣ ሲጨመርበት ይፈርሳል።

ዛሬ ገዝተህ ዛሬ መስራት ካለብህ ቆርጠህ 150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል አስገባው፣ መሀል ላይ ገልብጠው። መቅላት የለበትም፣ ላዩ ሲነካ ደረቅ ይሁን ብቻ። ኦቨን ከሌለህ ማታ ቆርጠህ ሳትሸፍን ወንፊት ወይም ሽቦ ላይ አሳድረው። ደረቅ መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ሁለቱንም ጎን ለአንድ አንድ ደቂቃ ማገላበጥም ይረዳል።

ስለ ዓይነቱ፦ እንቁላልና ቅቤ የገባበት ዳቦ፣ ብሪዮሽ የሚባለው ዓይነት፣ ለዚህ ተፈጥሯል ማለት ይቻላል። ተራ ነጭ የቶስት ዳቦም ይሆናል፤ እሱን ስትጠቀም ግን ለአጭር ጊዜ ንከረው፣ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ዳቦ ግን አይሆንም። ክሬም ቺዙ በቀዳዳው ይወጣል፣ እንቁላሉም በቀዳዳው ይገባል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ «እንቁላል እንቁላል ይላል» ብለው አይበሉልኝም። ላዩ ላይም ነጭ ነጭ ነገር ይታያል።

መልስ፦ ነጩ ነገር ያልተመታ የእንቁላል ነጭ ነው። ወተቱን ከጨመርሽ በኋላ መምታት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መጀመሪያ እንቁላሉን ብቻውን በሹካ ምንም ክር የሚመስል ነገር እስኪጠፋ ምቺው። የምር ካስቸገረሽ በሻይ ማጥለያ አጥልዪው፣ አንድ ደቂቃ አይወስድም።

ሽታውም የሚመጣው በዋናነት ከነጩ ነው። ስለዚህ ከ2 ሙሉ እንቁላል ይልቅ 1 ሙሉ እንቁላልና 2 አስኳል አድርጊ። ጣዕሙ ወደ ኩስታርድ (ከእንቁላልና ከወተት ወደሚሰራው ለስላሳ ጣፋጭ) ይሄዳል፣ ልጆቹም ልዩነቱን ያውቁታል። ቫኒላ፣ የተፈቀፈቀ የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭም ያግዛል፤ የልጣጩን ላይኛውን ባለ ቀለም ክፍል ብቻ ግን፣ ከስሩ ያለው ነጩ ይመራል። ቀረፋው ከላይ እየተንሳፈፈ የመጀመሪያው ዳቦ ላይ ሁሉም የሚለጠፍብሽ ከሆነ ደግሞ ቀረፋውን ከስኳሩ ጋር ደባልቀሽ ከዚያ እንቁላሉ ውስጥ ጨምሪው። ያኔ ለሁሉም ይዳረሳል።

ጥያቄ፦ እንቁላልም ወተትም አልበላም። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ አትተዪው። እንቁላሉ እዚህ የሚሰራው ስራ ማርጋት ነው፣ ያንን ሌላ ነገርም ይሰራዋል። 1 ኩባያ የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ጨው፣ ቀረፋና ቫኒላ ጨምረሽ ምቺ። ስታርቹ ታች ይዘቅጣል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ዳቦ ከመንከርሽ በፊት እንደገና አማስዪው። ይህቺን ከረሳሽ የመጀመሪያው ዳቦ ወተት ብቻ ይጠጣል፣ የመጨረሻው ደግሞ ሙጫ ይለብሳል። በስታርቹ ፋንታ የሽምብራ ዱቄት መጠቀምም ይቻላል፣ ቀለሙ እንዲያውም ያምራል፤ ግን በደንብ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል።

እንዲህ ያለው ቶስት መጥበሻ ላይ መያዝ ይወዳል። የማይዝ መጥበሻ ተጠቀሚ፣ ዘይቱን ትንሽ ጨመር አድርጊ፣ ራሱ እስኪለቅ ድረስም አትንኪው። ለውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤና በስሱ የተቆረጠ ሙዝ። ይህን እኔ ወተትና እንቁላል ለሚበሉ ሰዎችም እመርጥላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ እድሜዬ ገፍቷል፣ ቆሜ አንድ በአንድ መጥበስ አልችልም። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ሲመጡ 8 ሰው እንሆናለን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ መጥበሻውን ይተዉትና በኦቨን ይስሩት። ስራው ሁሉ ማታ ያልቃል፣ ጠዋት ማስገባት ብቻ ነው።

23 በ33 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የኦቨን ትሪ በደንብ ቅቤ ይቀቡ። ደረቅ ያለ ዳቦ አንድ ረድፍ ይደርድሩ፣ ክሬም ቺዙንና ማርማላታውን እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያድርጉበት፣ ሌላ ረድፍ ዳቦ ከላይ ይክደኑበት። 8 እንቁላል፣ 2 ኩባያ (480 ሚሊ ሊትር) ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቀረፋና ቫኒላ መትተው በዝግታ ሁሉም ጋ ያፍስሱት። ላይኛው ዳቦ ደረቅ እንዳይቀር በእጅዎ ጫን ያድርጉት። ሸፍነው ፍሪጅ ያሳድሩት።

ጠዋት ኦቨኑ እስኪሞቅ ትሪውን ከፍሪጅ ያውጡት፤ በተለይ የመስታወት ትሪ ከሆነ ከቅዝቃዜ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሙቀት ማስገባት ሊሰነጥቀው ይችላል። በ180 ዲግሪ መጀመሪያ በፎይል ተሸፍኖ 25 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉን አንስተው 20 ደቂቃ ያህል። መሀሉ ሲነካ የማይርገበገብ፣ ላዩም ያበጠና የቀላ መሆን አለበት። ካወጡት በኋላ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ ያኔ እንደ ኬክ ተቆርጦ ይነሳል። እርስዎም ከእንግዶችዎ ጋር ቁጭ ብለው ይበላሉ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጣል።

መጥበስ የሚፈልጉ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ የተጠበሰውን 95 ዲግሪ አካባቢ ኦቨን ውስጥ፣ ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ ማቆየት ትችላላችሁ። አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩት፣ በራሱ እንፋሎት ይላላል።

ጥያቄ፦ ከክሬም ቺዝና ከማርማላታ ሌላ ምን ልሙላበት? ጣፋጭ ብዙም አልወድም።

መልስ፦ ጣፋጭ የማትወድ ከሆነ ጨው ያለውን ሞክር። ከድብልቁ ስኳሩን፣ ቀረፋውንና ቫኒላውን አውጣ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ጨምር፣ ውስጡን በሚቀልጥ ቺዝ ሙላው፤ ሞዛሬላም ይሁን ሌላ። ቺዙን ፈቅፍቀው እንጂ ወፍራም ቁራጭ አታድርገው፣ ዳቦው እስኪበስል ላይቀልጥ ይችላል። በስሱ የተቆረጠ ቲማቲም የሚጨምር ሰው ፍሬውንና ውሃውን አውጥቶ ይጨምር።

ቸኮሌት ለሚወዱ፣ የሚቀባውን ከመጠቀም ጠንካራውን ሰባብሮ መጨመር ይሻላል። ዘግይቶ ስለሚቀልጥ አይፈስም፣ ጥቁሩ ደግሞ ስኳሩ ያነሰ ነው። ሪኮታ (ውሃ የሚበዛበት ለስላሳ ቺዝ) ከሆነ ማጥለያ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ውሃው እንዲወርድ አድርጉ። ሙዝ የበሰለ ግን ያልላሸቀ። የኦቾሎኒ ቅቤ ደግሞ ብቻውን ድንቅ ነው፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፍሬንች ቶስትን በኦቾሎኒ ቅቤ ሞልተው በብዙ ዘይት ይጠብሱና ከላይ ቅቤና ሽሮፕ ወይም ውሃው የተቀነሰ ወፍራም ጣፋጭ ወተት ያደርጉበታል። እኔ ያን ያህል አልሄድም። ውስጡ ጣፋጭ ከሆነ ከላዩ ሽሮፕ የማፍሰስ ነገር አይገባኝም፤ ጎምዘዝ የሚል ነገር ነው የሚፈልገው፣ ወፍራም እርጎ ወይም የሎሚ ጠብታ።

ጥያቄ፦ ምግቡ የፈረንሳይ ነው ወይስ ስሙ ብቻ?

መልስ፦ ፈረንሳይ የምትባል አገር ሳትኖርም ይበላ ነበር። አፒሲየስ በሚባለው የጥንት ሮማውያን የምግብ አሰራር መጽሐፍ ውስጥ ነጭ ዳቦ ቅርፊቱ ተነስቶ፣ ወተት ውስጥ ተነክሮ፣ በዘይት ተጠብሶ፣ ማር ፈሶበት እንደሚቀርብ ተጽፏል። ያደረ ዳቦ ላለመጣል ሲባል በብዙ አገሮች ለየብቻ የተገኘ ምግብ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ወሯ ነው። ብሰጣት ችግር አለው?

መልስ፦ እንቁላልና ወተት ያለበት ምግብ ከዚህ በፊት በልታ ከተስማማት፣ በደንብ የበሰለውን ልትሰጪያት ትችያለሽ። ማር ግን በፍፁም፤ ውስጡም፣ ላዩም። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፣ ማሩ ተጠብሶም ቢሆን አደጋው አይጠፋም። ለእሷ በምትሰሪው ላይ ስኳርና ጨውም አትጨምሪ። የተፈጨ ሙዝ ሞልተሽ፣ በጣት ልክ ቆርጠሽ፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ማለቱን አረጋግጠሽ ስጫት። ላዩ ለብ ብሎ ሳለ መሀሉ ሊያቃጥል ይችላል፣ ይህ ለትልልቆቹም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ሰኞ ጠዋት ጊዜ የለኝም። እሁድ ሰርቼ ማስቀመጥ እችላለሁ? የተረፈውን የእንቁላል ድብልቅስ?

መልስ፦ ትችላለህ። ጠብሰህ በደንብ እንዲቀዘቅዝ አድርግ፣ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ፍሪጅ ውስጥ በተዘጋ ዕቃ 3 ቀን ይቆያል። ፍሪዘር ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ሳይነካኩ ትሪ ላይ ዘርግተህ አጠንክራቸው፣ ከዚያ በከረጢት ሰብስባቸው፤ እስከ 1 ወር ጣዕማቸው ብዙም አይለወጥም። ክሬም ቺዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና ቸኮሌት ቅዝቃዜ ይችላሉ። ትኩስ ፍራፍሬ ያለበትን ግን አታቀዝቅዝ፣ ሲሟሟ ውሃ ይሆናል።

ስታሞቀው ኦቨን በ180 ዲግሪ፣ ከፍሪጅ ለወጣ 10 ደቂቃ፣ ከፍሪዘር ለወጣ 20 ደቂቃ ያህል። ኤር ፍራየር (በሞቃት አየር የሚያበስለው ማሽን) ካለህ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፣ ላዩንም ጥርት ያደርገዋል። ማይክሮዌቭ ዳቦውን ያልፈሰፍሰዋል፤ ግድ ከሆነብህ መሀሉን ብቻ በግማሽ ደቂቃ አሙቀህ ላዩን መጥበሻ ላይ መልሰው።

የተረፈውን ድብልቅ አታስቀምጠው። ዳቦ ሲነከርበት የቆየ ጥሬ እንቁላል ነው፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቆይቷል። እዚያው ትኩሱ መጥበሻ ላይ ጠብሰህ ብላው፣ ካልሆነ ድፋው።